ነገርን ከሥሩ፣ ሶፍትዌርን ከምንጩ

ጥገኝነት የሚለው ቃል ለሀገራችን የፖለቲካ ውይይት እንግዳ አይደለም። ስለ እህል እርዳታ ስንከራከር፣ ስለ ውጭ ብድር ስንጽፍ፣ ስለ ምንዛሪ እጥረት ስናማርር ደጋግመን እናነሣዋለን። ዛሬ ላነሣው የምፈልገው ግን እምብዛም ያልተነገረለትን ሌላ ጥገኝነት ነው፤ የመንግሥት አገልግሎት የቆመበትን የሶፍትዌር ጥገኝነት። ጉዳዩ ለኮምፒውተር ባለሙያዎች ብቻ የሚተው ይመስል ይሆናል። እኔ ግን የዜጎች ሁሉ ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቶቼን እንደሚከተለው ላቅርብ።

እንደሚታወቀው የፋይዳ መታወቂያ ሥርዓት የተመሠረተው ሞሲፕ በሚባል ሶፍትዌር ላይ ነው። ሞሲፕ በሕንድ ሀገር፣ ባንጋሎር ከተማ በሚገኝ የኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ፣ ምንጭ ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ ሥራ ነው። ጤና ሚኒስቴር የጤና መረጃ የሚሰበስብበት ዲኤችአይኤስ 2 የተባለው ሶፍትዌርም እንዲሁ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ አስተባባሪነት የሚዘጋጅና ኮዱ ክፍት የሆነ ነው። ይህን ምርጫ እደግፋለሁ። ደኻ ሀገር ለውጭ ኩባንያ በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ ከምትገብር፣ ልጆቿ ከፍተው ሊያነቡትና ሊያሻሽሉት የሚችሉትን ብትመርጥ ብልህነት ነው። ነገር ግን ኮዱ ክፍት መሆኑ ብቻውን ባለቤት አያደርገንም።

ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ማወቅ ይጠቅማል። የዘመኑ ፕሮግራመር ሁሉንም ነገር ከባዶ አይጽፍም። ቀን የሚያሰላውን፣ ፋይል የሚያጭቀውን፣ የይለፍ ቃል የሚጠብቀውን ኮድ ሌሎች አስቀድመው ጽፈው፣ ላይብረሪ በሚባል ጥቅል አዘጋጅተው አኑረውለታል። እርሱ የሚያስፈልጉትን ላይብረሪዎች ስምና የእትም ቁጥር በአንድ ፋይል ይዘረዝራል። ከዚያ በኋላ እንደ ማቨንና ግሬድል ያሉ የግንባታ መሣሪያዎች ዝርዝሩን አንብበው ላይብረሪዎቹን በኢንተርኔት ከሚገኝ ማከማቻ ያወርዳሉ፤ ከእርሱ ኮድ ጋር አቀናጅተውም አንድ ፕሮግራም ያደርጓቸዋል። እያንዳንዱ ላይብረሪ በተራው ሌሎችን ይፈልጋል፤ እነዚያም ሌሎችን። ሃያ ስም የዘረዘረ ፕሮግራመር ሁለት መቶ ጥቅሎች ወርደው ቢያገኝ አይደነቅም። የብዙዎቹን ስም እንኳ ሰምቶ አያውቅም።

ይህ ሰንሰለት ሲበጠስ ምን እንደሚሆን ዓለም አይቷል። እ.ኤ.አ. በማርች 2016 አንድ ፕሮግራመር በስም ይገባኛል ክርክር ተቆጥቶ፣ ኤንፒኤም በተባለው የጃቫስክሪፕት ማከማቻ ያኖራቸውን ሥራዎቹን አነሣ። ከእነርሱ መካከል ሌፍት-ፓድ የተባለች፣ 11 መስመር ብቻ ያላት ጥቅል ነበረች። ሥራዋም ከጽሑፍ በስተግራ ያለውን ክፍተት መሙላት ብቻ ነበር። እርሷ ስትጠፋ በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮጀክቶች መገንባት ተሳናቸው። ጥቅሏ በሰዓታት ውስጥ ወደ ቦታዋ ብትመለስም ትምህርቱ ግን አልቀረም፤ ትልቁ ሕንፃ በትንሿ ጠጠር ላይ ቆሞ ነበርና።

ከመበጠስ የባሰው ደግሞ መበስበስ ነው። ኢኪውፋክስ የተባለው የአሜሪካ የብድር መረጃ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2017 የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መረጃ ተዘርፎበታል። ሌቦቹ የገቡት አፓቺ ስትረትስ በሚባል፣ ኮዱ ክፍት በሆነ ላይብረሪ ቀዳዳ ነበር። የላይብረሪው አዘጋጆች ቀዳዳውን ደፍነው አዲስ እትም ያወጡት በማርች ነው፤ የሰዎቹ መረጃ መዘረፍ የጀመረው በሜይ ነው። ኩባንያው ማስጠንቀቂያው ደርሶት ሲስተሞቹን ቢፈትሽም፣ ላይብረሪው የት እንዳለ ሳያገኘው ቀረ። መድኃኒቱ እጁ ላይ እያለ በሽተኛውን አላወቀውም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2021 ሎግ4ጄ በተባለው የጃቫ ላይብረሪ ላይ አደገኛ ቀዳዳ ሲገኝም በየመሥሪያ ቤቱ የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ «እኛ ዘንድ አለ ወይ? የት ነው ያለው?» ሞሲፕም ሆነ ዲኤችአይኤስ 2 በጃቫ የተጻፉ ናቸውና ጥያቄው ከእኛ ደጅ የራቀ አይደለም።

ሁሉንም የሚያስንቀው ግን እ.ኤ.አ. የ2024ቱ የኤክስዜድ ጉዳይ ነው። ኤክስዜድ በሊኑክስ ላይ ፋይል የሚያጭቅ መሣሪያ ሲሆን፣ ለብዙ ዓመታት በአንድ ፈቃደኛ ሰው ትከሻ ላይ ያለ ክፍያ ኖሯል። ጂያ ታን የሚል ስም የያዘ፣ ማንነቱ ያልታወቀ አካል ቀርቦ ከሁለት ዓመት በላይ በትጋት አገዘው። ሌሎች ማንነታቸው የማይታወቅ ሰዎችም «ሥራው ዘገየ» እያሉ ባለቤቱን ይወተውቱት ነበር። የደከመው ሰው ረዳቱን አመነ፤ ሥልጣን አካፈለው። ረዳቱም በእትም 5.6.0 እና 5.6.1 ውስጥ ወደ ሰርቨሮች የሚያስገባ የጓሮ በር ቀበረ። የተንኮሉ ጥልቀት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ተንኮለኛው ኮድ የሙከራ ፋይል መስሎ ተደብቆ ነበር፤ እርሱን የሚቀሰቅሰው ትእዛዝ ደግሞ ሁሉም ሰው በሚያየው የኮድ መዝገብ ውስጥ ሳይሆን፣ ለማውረጃ በተዘጋጀው ጥቅል ውስጥ ብቻ ነበር። ሥራውን የሚጀምረውም ፕሮግራሙ በሚገነባበት ሰዓት ነው። የአደባባዩን ኮድ ብቻ ያነበበ ሰው ቁልፉን አያገኘውም ነበር። ጉዳዩን ያወጣው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ ባለሙያ ነው፤ ወደ ሰርቨር መግባት የግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ጠርጥሮ መረመረ። ወሬው የወጣው ማርች 29 ቀን፣ እትሙ በአብዛኞቹ ሰርቨሮች ላይ ከመጫኑ በፊት ነበር።

«እንግዲያው ዝግ የሆነውን ከታወቀ ኩባንያ እንግዛ» የሚሉ ወገኖች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። አልስማማም። እ.ኤ.አ. በ2020 የታወቀው የሶላርዊንድስ ጥቃት የተፈጸመው ኮዱ ዝግ በሆነ የንግድ ሶፍትዌር ላይ ነው። አጥቂዎቹ የገቡት ወደ ግንባታው ሂደት ሲሆን፣ የተመረዘው እትም እስከ 18,000 ለሚደርሱ ደንበኞች ተሰራጭቷል። ስለዚህ ችግሩ የኮዱ ክፍት መሆን አይደለም። ችግሩ ምን እንደተሸከምን አለማወቃችን፣ ተሸካሚውንም አለመደገፋችን ነው። ፍሮይንድ መርምሮ መጨረሻው ድረስ ሊደርስ የቻለው ኮዱ ክፍት ስለነበረ ነው።

በእኔ እምነት የመንግሥት ሶፍትዌር የሚገዛበትም ሆነ የሚሠራበት ውል አራት ነገሮችን ማስገደድ አለበት። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ሲስተም የተሸከማቸው ላይብረሪዎች ሙሉ ዝርዝር ይኑረው፤ ጥገኛው የጠራው ሌላ ጥገኛም ሳይቀር። ሁለተኛ፣ የእትም ቁጥሮቹ ይቆለፉ፤ የወረደው ጥቅል የተጠበቀው መሆኑ በዲጂታል አሻራው ይረጋገጥ። መቆለፍ ማለት መርሳት እንዳልሆነ ግን ኢኪውፋክስ ይመሰክራል፤ እድሳቱን የሚከታተል ሰው በስም መመደብ አለበት። ሦስተኛ፣ ጥቅሎቹ በሀገር ውስጥ ማከማቻ ቅጂ ይኑራቸው። እ.ኤ.አ. በጁን 2020 መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ ሀገሪቱ ለሳምንታት ሲዘጋ፣ ላይብረሪውን ከውጭ ማከማቻ የሚጠብቅ ፕሮግራመር እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ በቀር ምርጫ አልነበረውም። አራተኛ፣ ግንባታው ሊደገም የሚችል ይሁን፤ ሁለት ሰዎች አንዱን ምንጭ ኮድ በተለያየ ቦታ ቢገነቡት ውጤቱ አንድ ዓይነት መሆን ይገባዋል። የዴቢያን ፕሮጀክት ባለሙያዎች ለዚህ ሲደክሙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ውጤቱ ከተለያየ በመካከል የገባ እጅ ሊኖር ይችላልና ይጣራል።

እነዚህ ሁሉ ግን ያለ ሰው አይሆኑም። ክፍት ኮድ መብት ይሰጣል፤ መብቱን ሥራ ላይ የሚያውለው ባለሙያ ደግሞ ደመወዝ ይፈልጋል። አዲስ ሲስተም ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ካሜራ ይጎርፋል። ያረጀ ላይብረሪ ለማደስ ግን ሪባን የለም። ለዚህ ነው በጀቱ አዲሱን ወድዶ ጥገናውን የሚረሳው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተማሪን በመመረቂያ ፕሮጀክቱ አዲስ ነገር ብቻ ከሚጠይቁት፣ ሀገራችን የምትጠቀምባቸውን ላይብረሪዎች እንዲመረምርና እንዲጠግን ቢያሠለጥኑት ለእርሱም ለሀገርም ይበጃል። ከዓለም የወሰድነውን ያህል ባይሆን እንኳ ጥቂት መመለስ የምንጀምረውም በዚህ መንገድ ነው።

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ወጥቷል፤ የጣት አሻራችንንም ሰጥተናል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አሻራ ግን አይለወጥም። ስለዚህ አሻራችንን የሚጠብቀው ሶፍትዌር በምን ላይ እንደቆመ፣ ማን እንደሚያድሰውና ማን እንደሚገነባው መጠየቅ መብታችን ነው። ጥያቄው ክስ አይደለም፤ ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንጂ።

ቸር ይግጠመን።