የእንግሊዝኛው ግሥ ከነተሳቢው ይጠና

ዐፄ ሠርጸ ድንግል በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ባሠሩት በጉዛራ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ ቆሞ የጣናን ባሕር ቁልቁል የሚመለከት የእንፍራንዝ ተማሪ፣ በአማርኛ «አየሁ» ብሎ የሚጨርሰውን ነገር በእንግሊዝኛ ሊጽፍ ብዕሩን ባነሣ ጊዜ፣ ሦስት ግሦች በአንድነት ይቀርቡለታል፤ ባሕሩ ሳያስበው ከዓይኑ ቢገባ «ሲ»፣ ዓይኑን ወዶና አስቦ ወደዚያ ቢያቀና «ሉክ»፣ በውኃው ላይ የምትሄደዋን ታንኳ እስክትሰወር ድረስ በዓይኑ ቢከተላት «ዎች» ማለት ይገባዋል። ነገር ግን በደብተሩ ግራ እንግሊዝኛውን፣ በቀኙ አንዲት የአማርኛ ቃል አስፍሮ የሸመደደ ስለ ሆነ፣ ሦስቱም «አየ» ሆነው ይምታቱበታል። ይህ የዝርዝር ጥናት ከትምህርት ቤቶቻችን መውጣት አለበት ባይ ነኝ።

ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም። «ሂ ሴይድ ሚ» ብሎ የሚጽፈው ልጅ የአፍ መፍቻ ልሳኑን ሕግ በታማኝነት ጠብቋል፤ አማርኛችን «አለኝ» ብሎ ሰሚውን ከግሡ ጋር ሲያጣብቅ፣ የእንግሊዝኛው «ሴይ» ንግግሩን እንጂ ሰሚውን በቀጥታ አይስብም፤ ሰሚውን የሚስበው «ቴል» ነውና። «ሬዲዮ ክፈት» ሲባል እየሰማ ያደገም ለሬዲዮው «ኦፕን» ቢል አይፈረድበትም። መምህሩ በቀይ ቀለም ሰርዞ ከማለፍ ይልቅ ይህንኑ ምክንያት በአማርኛ ቢገልጥለት፣ ልጁ ሕጉን ከነምሥጢሩ ይይዘዋል።

ደግሞም ግሥን መርጦ መናገር ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። እንግሊዛዊው «ዌር» በምትባል በአንዲት ግሥ የሚጠቀልለውን እኛ ልብስ ለበሰ፣ ጫማ ተጫማ፣ ቀለበት አጠለቀ፣ ሰዓት አሰረ፣ ድግ ታጠቀ፣ ዘውድ ደፋ እያልን እንለየዋለን፤ እርሱ ለሁለቱም «ቦሮው» ሲል፣ እኛ ገንዘብ እንበደራለን፣ መጽሐፍ እንዋሳለን። «ዘውድ ለበሰ» የሚል አማራ የለም፤ እያንዳንዱን ግሥ ከሚስማማው ስም ጋር እየሰማ አድጓልና።

በጎጃምና በጎንደር የቅኔ ጉባኤያት የተማረ ሰው ደግሞ ይህን በሥርዓት ያውቀዋል። ደቀ መዝሙሩ በቀተለና በቀደሰ አርእስት ሥር ግሥ ሲያወርድ፣ ርእየ ከነጸረ፣ ይቤ ከነገረ፣ ነገረም ከነበበ የሚለዩበትን ጠባይ አብሮ ይማራል፤ የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በሚነግርበት ጊዜም ግሡን ከማይስማማው ስም ጋር አጋብቶ ቢገኝ፣ በዚያው ቦታ ይታረማል። ርእየንና ነጸረን ለይቶ ለሚያውቅ ልጅ «ሲ»ንና «ሉክ»ን ማስረዳት የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃም ማስተማሪያ ልሳን እንዲሆን ስለ ወሰነ፣ የክልላችን ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በነዚሁ ባልተለዩለት ግሦች ሊረዳ ይገደዳል። ክፍሉ በተማሪ የተጨናነቀ፣ ሰዓቱም አጭር መሆኑን አልክድም፤ ስለዚሁም ነው በአንድ ክፍለ ጊዜ ሃያ ቃል ከማስጻፍ ሁለት ግሥ ከነተሳቢያቸው አጥርቶ ማስተማር ይሻላል የምለው።

የቀድሞው የፔዳጎጂ አካዳሚ ወራሽ የሆነው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ መምህራኑንና የቅኔ ሊቃውንትን በአንድ ጉባኤ አስቀምጦ፣ የእንግሊዝኛውን ግሥ ከነተሳቢው፣ የአማርኛውንና የግእዙን አቻም ከነልዩነቱ የሚያሳይ የግሥ መጽሐፍ ለዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች እንዲያዘጋጅ እጠይቃለሁ።