ደሞዙ ለስንት አፍ ይካፈላል?

እስቲ ዛሬ ትንሽ እናስላ። (አትሽሹ፣ ሒሳቡ የአራተኛ ክፍል ነው።)

ወልቂጤ ውስጥ በወር 9,000 ብር የሚያገኝ ቤት አለ እንበል፤ ባል፣ ሚስትና የባል ወንድም ይኖሩበታል። ቡታጅራ ደግሞ አንዲት እናት ከአራት ትንንሽ ልጆቿ ጋር በ12,000 ብር ትኖራለች። ማን ይሻላል?

በነፍስ ወከፍ ካካፈልን ለወልቂጤዎቹ 3,000፣ ለቡታጅራዎቹ 2,400 ይደርሳል። ወልቂጤ አሸነፈ! ግን የአምስት ዓመት ልጅ የአባቱን ያህል ቆጮ አይበላም። ኪራዩና መብራቱም ሰው በተጨመረ ቁጥር እጥፍ አይሆኑም። ለዚህ ነው ኦኢሲዲ የሚባለው የሀብታም አገሮች ማኅበር በ1982 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን አዋቂ 1፣ ሌላውን አዋቂ 0.7፣ ልጅን 0.5 አድርጎ የሚቆጥር መስፈሪያ ያቀረበው። በዚህ ከሄድን የወልቂጤው ቤት 2.4፣ የቡታጅራው 3 ሰው ይሆናል። ድርሻውም 3,750 እና 4,000። አሸናፊው ተቀየረ! ብሩ አልተነካም፣ የሞተም የተወለደም የለም፤ የተቀየረው መስፈሪያው ነው።

አገራችንም የራሷ መስፈሪያ አላት። በ1988 ዓ.ም. የወጣው የድህነት መስመር አንድ አዋቂ በቀን 2,200 ኪሎ ካሎሪ ለማግኘትና ሌሎች መሠረታዊ ነገሮችን ለማሟላት በዓመት 1,075 ብር ያስፈልገዋል ይል ነበር። በ2008 ዓ.ም. መስመሩ 7,184 ብር ደርሷል። በዚህ ስሌት ልጆች በሚያስፈልጋቸው ካሎሪ መጠን ከአዋቂ ያነሰ ይቆጠራሉ።

እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ልጅ በሆዱ ብቻ ይለካል? ደብተሩ፣ ዩኒፎርሙ፣ መድኃኒቱ በካሎሪ አይሰፈርም። የወልቂጤዎቹ ሦስቱም ወጥተው መሥራት ይችላሉ። የቡታጅራዋ እናት ግን ሥራ ለመውጣት መጀመሪያ ልጅ የሚጠብቅላት ሰው መፈለግ አለባት።

የጉራጌ ከተሞች ደግሞ ሌላ ጣጣ አላቸው። ቆጣሪው ቤተሰብ የሚለው አብሮ የሚኖረውንና ከአንድ ድስት የሚበላውን ነው። መርካቶ ሠርቶ ብር የሚልከው፣ ለመስቀል ብቻ የሚመጣው አባትስ? ከገበታው ጎድሏል፣ ከኪሱ ግን አልጎደለም። ከገጠር መጥታ አክስቷ ጋር የምትማረው ልጅስ? ከገጠር ለእሷ ተብሎ የሚመጣው ቆጮስ በየትኛው ገቢ ይመዘገባል?

ይህ የቃላት ጨዋታ አይደለም። «ድጋፍ ለማን ይገባል?» ተብሎ ስም ዝርዝር ሲወጣ አንዱ መስፈሪያ ያቺን እናት ያስገባታል፣ ሌላው ያስወጣታል። ፍጹም መስፈሪያ አምጡ አንልም፤ የለምና። የምንለው፣ ዝርዝር የሚያወጣ ሁሉ የቤተሰቡን ቁጥር ብቻ ሳይሆን ዕድሜያቸውን፣ ማን እንደሚሠራ፣ ማን እንደሚልክ ይጠይቅ፤ በምን እንደሰፈረም በግልጽ ይናገር ነው። የገበያ ነጋዴ እንኳ ጣሳውን ሳያሳየን አይሰፍርልንም።

እናንተስ ቤት ደሞዙ ለስንት ይካፈላል?