የአረቄያችን መዝገብ የት አለ?

የስኮትላንድን ውስኪ የሚያጣጥሙና ጠርሙሱን የሚሰበስቡ ሰዎች አንድ የሚያስቀና ልማድ አላቸው፤ የቀመሱትን ሁሉ ይጽፋሉ። መጠጡ የተጣራበትን ስፍራ፣ በበርሜል የቆየበትን ዘመንና የአልኮሉን መጠን ከጠርሙሱ ላይ ያነባሉ፤ ቀጥሎም በአፍንጫቸውና በምላሳቸው ያገኙትን፣ ጢስም ይሁን ማር ወይም የተጠበሰ ዳቦ፣ በማስታወሻቸው ያሰፍራሉ። በእኛ አገር አረቄ የሚቀዳበት ትንሽ ብርጭቆ “መለኪያ” ይባላል። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከየትኛው እህል እንደ ተሠራ፣ መቼ እንደ ወጣና ምን ያህል አልኮል እንደ ያዘ የሚናገር ጽሑፍ የለም። በእኔ እምነት አረቄን ከውስኪ የሚያሳንሰው ከሁሉ በፊት ይህ የመዝገብ እጦት ነው።

በባሕርያቸው ሁለቱ መጠጦች ዘመዳሞች ናቸው። ውስኪ የሚለው ስም “የሕይወት ውሃ” ከሚል የስኮትላንድ ጌልክኛ አነጋገር የተገኘ ሲሆን፣ አረቄ ደግሞ “ላብ” የሚል ትርጉም ካለው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ከእንፋሎት ቀዝቅዞ የሚንጠባጠበውን ፈሳሽ በላብ የመሰለው ሰው ጥሩ ታዛቢ ነበር። ስለ ስኮትላንድ መጠጥ የሚጠቀሰው ጥንታዊ ጽሑፍ እ.ኤ.አ. በ1494 ጆን ኮር ለተባለ መነኩሴ ብቅል መሰጠቱን የሚገልጽ የመንግሥት የሒሳብ መዝገብ ነው። እስከ 1823ቱ የቀረጥ ሕግ ድረስ ግን ብዙው ውስኪ ከቀረጥ ሰብሳቢ ተደብቆ በየሸለቆው የሚጣራ የገበሬ መጠጥ ነበር። ዛሬ መጠጡ ቢያንስ 3 ዓመት በኦክ በርሜል እንዲቆይና ሲታሸግ አልኮሉ ከ40 በመቶ እንዳያንስ ሕግ ያስገድዳል። የገበሬው መጠጥ ክብር ያገኘው ሥራው ሲለካና ሲጻፍ ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሰሜን ሸዋ እንምጣ። በመንዝና በግሼ ደጋ ገብስ የኑሮ ምሰሶ ነው፤ የአረቄ ጥበብም የሴቶች ሙያ ነው። የተወቀጠ ጌሾና ብቅል በውሃ ይጠነሰሳል፤ ከዚያም የእህል ቂጣ ተጋግሮና ተፈርፍሮ ይጨመርበትና ድፍድፉ ለቀናት ይብላላል። በብቅሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ስታርቹን ወደ ስኳር፣ እርሾው ደግሞ ስኳሩን ወደ አልኮልና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለውጣሉ። ድፍድፉ ተጥዶ ሲፈላ እንፋሎቱ በሸምበቆ ቧንቧ ያልፍና ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ይጠራቀማል። ሁለተኛ ጊዜ የተጣራው “ዳግም” ይባላል፤ የስኮትላንድ የብቅል ውስኪም አብዛኛውን ጊዜ የሚጣራው ሁለት ጊዜ ነው።

ለፊዚክስ ተማሪም እዚህ ጥያቄ አለ። ኢታኖል በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በ78 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈላል። ከ3000 ሜትር በላይ ከፍታ ባላት መሐል ሜዳ ግን የአየር ግፊቱ ዝቅተኛ ስለሆነ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ፣ ኢታኖልም በ70 ዲግሪ ገደማ ይፈላሉ። ወደ ጀማ ሸለቆ በሚወርደው የመርሐቤቴ ምድር ደግሞ ግፊቱም እህሉም ይለወጣሉ፤ ጤፍና ማሽላ የገብስን ቦታ ይይዛሉ። ይህ ልዩነት በጣዕም ላይ ምን ያህል ይታያል? ለመመለስ የሚያስፈልጉት ቴርሞሜትር፣ ጥንቁቅ ቀማሽና ደብተር ናቸው።

እኔ በበኩሌ ከእነዚህ ወረዳዎች ያገኘሁትን አረቄ በትንንሽ ጠርሙሶች አስቀምጣለሁ፤ በእያንዳንዱም ላይ ቦታውን፣ ወሩን፣ እህሉንና ስንት ጊዜ እንደ ተጣራ እጽፋለሁ። ስቀምስ አስቀድሜ አሸታለሁ፤ ቀጥዬ ጥቂት ውሃ እጨምራለሁ። በስዊድን የሚሠሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ያሳተሙት የኮምፒውተር ስሌት ጥናት እንዳመለከተው፣ ለውስኪ የጢስ ጠረን ከሚሰጡት ውሑዶች አንዱ የሆነው ጓያኮል አልኮሉ በውሃ ሲቀጥን ወደ ፈሳሹ ገጽ ይጠጋል። ለእኔ አፍንጫ የመንዝ የገብስ አረቄ የተቆላ ገብስ ይሸታል፤ የመርሐቤቴው የማሽላ አረቄ ወደ በሰለ ፍሬ ያደላል። ይህ ግን የአንድ ሰው ምስክርነት ነው። ማስረጃ የሚሆነው ሌሎች ምንነቱ ሳይነገራቸው ቀምሰው ሲስማሙ ነው።

የመዝገብ ጉዳይ ከጣዕም አልፎ ይሄዳል። እ.ኤ.አ. በ1937 እና በ1938 ከኢትዮጵያ ከተሰበሰቡ ገብሶች ውስጥ፣ ቅጠልን እንደ ዱቄት የሚሸፍነውን የፈንገስ በሽታ የሚቋቋም ኤምኤልኦ-11 የተባለ የዘረመል ዓይነት ተገኝቷል። ከ1979 ጀምሮም በአውሮፓ የጸደይ ገብሶች ውስጥ እየገባ በሰፊው ተዘርቷል፤ ከእነዚህም መካከል ለብቅል የሚውሉ አሉ። ይህ ሊሆን የቻለው የተሰበሰበው ዘር ምንጩ ተጽፎ በመቀመጡ ነው። በአዲስ አበባም እ.ኤ.አ. በ1976 የተቋቋመ የዘር ባንክ አለን። ይሁን እንጂ ባንኩ ፍሬውን ቢያቆይም፣ የትኛው ገብስ ለብቅል፣ የትኛው ለቆሎ እንደሚሻል የሚያውቁት እናቶች ሲያልፉ ዕውቀታቸው አብሯቸው ይቀበራል።

“አረቄ ቤት የሚያፈርስ መጠጥ ነው፤ ስለ እርሱ መጻፍ ምን ይጠቅማል?” የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። ጉዳቱ እውነት ነው። ነገር ግን ያልተለካ መጠጥ ከተለካው የባሰ አደገኛ ነው፤ ከተለያየ ቤት የተቀዱ ሁለት መለኪያዎች የሚይዙት አልኮል እጅግ ሊራራቅ ይችላል፤ ጠጪው ግን ቁጥሩን አያውቅም። ከዚህ የከፋው ሜታኖል ነው። 10 ሚሊ ሊትር ያህሉ ዓይን ሊያሳውር፣ 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ሊገድል ይችላል፤ በምላስም ሆነ በአፍንጫ ከኢታኖል ለይቶ ማወቅ አይቻልም። በዓለም ላይ የብዙ ሰው ሕይወት የቀጠፉት መመረዞች በአብዛኛው የኢንዱስትሪ ሜታኖል መጠጥ ውስጥ በመቀላቀሉ የመጡ ናቸው። እዚህ ላይ የቀማሹ ሙያ ያበቃና የቤተ ሙከራው ሥራ ይጀምራል።

ይህ ጥሪ የመጠጣት ግብዣ እንዳልሆነ ልብ ይባል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ዕድሜው 21 ዓመት ላልሞላው ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል፤ ለመመዝገብም ጠብታ መጠጣት አያስፈልግም። ከመንዝ፣ ከግሼ ወይም ከመርሐቤቴ የመጣ ተማሪ ለዕረፍት አገሩ ሲገባ ከእናቱ፣ ከአክስቱ ወይም ከጎረቤት እማማ አጠገብ ተቀምጦ የገብሱን ስም፣ የጌሾውን መጠን፣ ድፍድፉ የቆየበትን ቀን፣ የዕቃውን ዓይነትና የማገዶውን እንጨት ይጠይቅ። ፈቃዳቸውን አግኝቶ፣ የባለሙያነት ድርሻቸውንም አክብሮ ይጻፍ። ናሙናውን ለኬሚስትሪ ክፍሉ ቢያመጣ አልኮሉን በሃይድሮሜትር መለካት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። እንዲህ ያሉ ገጾች ከየወረዳው ሲሰባሰቡ ስለ አረቄያችን ጣዕምም ሆነ ጉዳት በግምት ሳይሆን በማስረጃ መነጋገር እንጀምራለን።