ጉልበቱ በአዲስ አበባ ይቀየራል፤ ማገገሙስ?

ሆሳዕና በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። እንዲህ ያለች ከተማ ከፍተኛ ቀዶ ሕክምና በደጇ እንዲሰጥ መመኘቷ ተገቢ ነው፤ የጉልበት መገጣጠሚያ ቅየራም ከሚመኙት አንዱ ነው። የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግን ቅደም ተከተሉ መገልበጥ አለበት ይላል። ቀዶ ሕክምናው ለጊዜው በአዲስ አበባ ይቆይ፤ ክትትሉ ግን አስቀድሞ ወደ ሆሳዕናና ወደ ዱራሜ ይምጣ።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጉልበት ቅየራ በዓመት ጥቂት ታካሚ ብቻ በሚታይበት ቦታ ሲሠራ ውጤቱ ይዳከማል፤ ይህ በብዙ አገሮች የታየ ነው። ቀዶ ሕክምናው ራሱ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት የሚወስድ ሲሆን፣ ታካሚው በዚያው ዕለት ወይም በማግሥቱ በዎከር ተደግፎ ይቆማል፤ በጥቂት ቀናትም ከሆስፒታል ይወጣል። የጉልበቱ ዕጣ የሚወሰነው ከዚያ በኋላ ባሉት 12 ሳምንታት ነው። እነዚያ ሳምንታት ደግሞ የሚያልፉት በሾኔ፣ በአንጋጫ፣ በዶዮገና ባለ ቤት ውስጥ እንጂ በአዲስ አበባ አይደለም።

ቤቱን እንመልከት። ዘመድ ወዳጅ ይሰበሰባል፤ ሕመምተኛው "አይነሡ፣ ይረፉ" እየተባለ ይለመናል፤ ከጉልበቱ ሥር ትራስ ይደረግለታል። ይህ ሁሉ ፍቅር ነው፤ ጉልበቱን የሚያደርቀውም ይኸው ፍቅር ነው። ትራስ ከጉልበት ሥር ሲውል መገጣጠሚያው እንደታጠፈ ይቀራል፤ ሙሉ በሙሉ መዘርጋት ያቃተው ጉልበት ደግሞ ዕድሜ ልክ ያነክሳል። ትራሱ መግባት ያለበት ከቁርጭምጭሚት ሥር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያልተመለሰ እንቅስቃሴ ከሦስት ወር በኋላ በቀላሉ አይመለስም። ይህን ለቤተሰቡ በሀዲይኛ ወይም በከምባትኛ የሚነግር ሰው ማን ነው? ታካሚው ይዞት የሚመጣው ወረቀት የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው።

የአካባቢው አኗኗርም የራሱን ጥያቄ ያነሣል። ከወንበር ለመነሣት ጉልበትን ከ90 ዲግሪ ጥቂት አሳልፎ ማጠፍ ይበቃል፤ ቁጢጥ ለማለት ግን ከ130 ዲግሪ በላይ ያስፈልጋል። የተቀየረ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ 110 ወይም 120 ላይ ይቆማል። እንሰት የምትፍቅ እናት መሬት ተቀምጣ፣ አንድ እግሯን አጥፋ ከጣውላው ጋር እያጣበቀች ነው የምትሠራው። ሽንት ቤቱም ቁጢጥ የሚያስብል ነው። ለዚህች እናት "ደረጃ መውጣት ይለማመዱ" የሚል መመሪያ ምን ይረባታል? የሚያስፈልጋት ከፍ ያለ መቀመጫ፣ መካከሉ የተቀደደ የሽንት ቤት ወንበርና የእንሰቱን ሥራ የሚረከብ ሰው ነው። ወንበሩን የሰፈር አናጢ በአንድ ቀን ይሠራዋል፤ የሚጎድለው የሚያዝዘው ባለሙያ ነው።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ግን የሁለት አደጋዎች ጉዳይ ነው። አንደኛው የደም መርጋት ነው። ከአዲስ አበባ በቡታጅራ በኩል ሆሳዕና ለመድረስ ያለው 230 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ጉልበትን አጥፎ በሚኒባስ መቀመጥን ይጠይቃል። ደም እንዳይረጋ የሚታዘዘው መድኃኒት እንደ ሐኪሙ ውሳኔ ከ10 እስከ 35 ቀን ይወሰዳል፤ ሳያልቅ ማቋረጥ ግን ቀላል ነው። ባቱ ያበጠና የሚያመው ሰው በአካባቢያችን ልማድ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ወጌሻ በብዙ ነገር ባለውለታችን ነው፤ የረጋ ደም ያለበትን ባት ማሸት ግን የረጋውን ደም ወደ ሳንባ ሊልክ፣ ሊገድልም ይችላል።

ሁለተኛው ኢንፌክሽን ነው። የሚደርሰው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ታካሚ ላይ ነው፤ ሲደርስ ግን ጊዜ አይሰጥም። ጉልበቱ ቀልቶና አብጦ ቁስሉ ፈሳሽ ሲያወጣ፣ ቅርብ ያለው ክሊኒክ አንቲባዮቲክ ያዝዝና ይሸኛል። ትኩሳቱ ይበርዳል፤ ተሕዋሲው ግን በብረቱ ላይ ሽፋን ሠርቶ ይቀመጣል። ሕይወት አስጊ ሁኔታ ከሌለ በቀር፣ አንቲባዮቲክ ከመጀመሩ በፊት ከመገጣጠሚያው ፈሳሽ ተወስዶ መመርመር አለበት። በጥቂት ቀናት ከተደረሰበት ጉልበቱ ተከፍቶ ታጥቦ ብረቱን ማትረፍ ይቻላል። ከዘገየ ብረቱ መውጣት አለበት፤ ያን ወጪ ሁለተኛ የሚችል ቤተሰብ በሀዲያም በከምባታም ብዙ አይደለም። ደቡብ አፍሪካ ልጅ ያለው ቤት እንኳ ለመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና አሟጥጦ ከፍሎ ይሆናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል በሳምንት አንድ ቀን የመገጣጠሚያ ቅየራ ክትትል ቢሰየም፣ አንድ የአጥንት ሐኪምና አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቢመደቡለት፣ ብዙው ሥራ ተጀመረ ማለት ነው። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲም ተማሪዎቹን እዚያ ቢያሠለጥን ሁለቱም ወገን ይጠቀማል። በዱራሜ ያለው አገልግሎት ከዚያው ጋር በስልክ ይያያዝ። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አራት ነገር ብቻ እንዲያዩ ይሠልጥኑ፦ ቁስሉን፣ ባቱን፣ ትኩሳቱን፣ ጉልበቱ የሚዘረጋና የሚታጠፍ መሆኑን።

"ታካሚው ጥቂት ነው፤ ለጥቂት ሰው ክሊኒክ አይከፈትም" የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን ይኸው ቀን የጭን አጥንት ስብራት፣ የባጃጅና የሞተር ብስክሌት አደጋ ታካሚዎችንም ያስተናግዳል፤ እነርሱም ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሹት ይህንኑ እንክብካቤ ነው። ቁጥሩ ሲደመር ጥቂት አይሆንም።

በአዲስ አበባ ያሉ ቀዶ ሐኪሞች ድርሻ ደግሞ አንድ ገጽ ነው። በአማርኛ የተጻፈ፣ የተተከለው መገጣጠሚያ ዓይነትና መጠን፣ መድኃኒቱ የሚያልቅበት ቀን፣ ስፌቱ የሚፈታበት ቀን፣ በእያንዳንዱ ሳምንት የሚጠበቀው የመታጠፍ ዲግሪ፣ በመጨረሻም በማንኛውም ሰዓት የሚነሣ ስልክ ቁጥር የሰፈረበት ገጽ። ለዚህ በጀት እስኪጸድቅ መጠበቅ አያስፈልግም፤ ነገ ጠዋት ከሚወጣው ታካሚ መጀመር ይቻላል።