ተጫነ ማለት ተረጋገጠ ማለት አይደለም፦ የፓይተን ሞጁሎችን ወደ አርም ሰርቨር ስለማሸጋገር

ለረጅም ዓመታት ለምርምር የሚውል ሰርቨር ሲባል በተግባር የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ፕሮሰሰር ያለው፣ ኤክስ86-64 የተባለውን አርክቴክቸር የሚከተል ማሽን ማለት ነበር። ይህ ሁኔታ ተለውጧል። አማዞን በአርም አርክቴክቸር የተሠራውን ግራቪተን የተባለ የሰርቨር ፕሮሰሰር እ.ኤ.አ. በ2018 አስተዋወቀ፤ በጃፓን ኮቤ ከተማ የሚገኘውና በአርም ፕሮሰሰር የሚሠራው ፉጋኩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በጁን 2020 በዓለም የሱፐርኮምፒውተሮች ዝርዝር የመጀመሪያውን ደረጃ ያዘ። ዛሬ የስሌት ጊዜ የሚከራይ ተመራማሪ ከሁለቱ አርክቴክቸሮች አንዱን እንዲመርጥ ይጠየቃል፤ ምርጫውም አብዛኛውን ጊዜ የዋጋ ጉዳይ ብቻ ተደርጎ ይታያል።

በፓይተን የተጻፈ ፕሮግራም በራሱ ከአንድ አርክቴክቸር ጋር የተቆራኘ አይደለም። ከሥሩ ያሉት የስሌት ሞጁሎች ግን በሲ፣ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በፎርትራን ተጽፈው ለአንድ ፕሮሰሰር ኮምፓይል የተደረጉ ናቸው። ለኤክስ86-64 የተዘጋጀ ሞጁል በአርም ሰርቨር ላይ አይነሣም፤ ስህተቱ ወዲያው ስለሚታወቅ ግን ጉዳቱ ቀላል ነው። እንደ ነምፓይ ያሉት ታዋቂ ሞጁሎች ለአርም ተዘጋጅተው ይገኛሉ። ችግሩ ያለው በየሙያ ዘርፉ ጥቂቶች በሚጠቀሙባቸውና ቤተ ሙከራዎች ራሳቸው በጻፏቸው ሞጁሎች ላይ ነው። እነዚህን ተመራማሪው እንደገና ኮምፓይል ማድረግ ይኖርበታል፤ ሥራው ያለ ስህተት ሲያልቅም ጉዳዩ እንደ ተዘጋ ይቆጥረዋል። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ሞጁልን ለሌላ አርክቴክቸር ማዘጋጀት የምርምር ዘዴው አካል እንጂ የቴክኒሻን ጣጣ ብቻ አይደለም የሚል ነው።

የመጀመሪያው ማስረጃ የራሳችንን ጽሕፈት ይመለከታል። የሲ ቋንቋ ደንብ «ቻር» የተባለው የአንድ ባይት ዓይነት አሉታዊ ቁጥር ይይዝ እንደሆነ አይወስንም። በሊኑክስ ላይ ይህ ዓይነት በነባሪ ሁኔታ በኤክስ86-64 ከ−128 እስከ 127፣ በአርም ደግሞ ከ0 እስከ 255 ያለውን ይይዛል። በዩቲኤፍ-8 አንድ የአማርኛ ፊደል በ3 ባይት ይጻፋል፤ የመጀመሪያው ባይት ዋጋም 225 ነው። ይኸው ባይት በኤክስ86-64 −31፣ በአርም 225 ሆኖ ይነበባል። ስለዚህ «ባይቱ ከዜሮ ካነሰ ጽሑፉ የላቲን አይደለም» በሚል ግምት የተጻፈ የጽሑፍ መተንተኛ በቀድሞው ሰርቨር በትክክል ሲሠራ፣ በአዲሱ ሰርቨር የአማርኛውን ጽሑፍ ፈጽሞ አይለየውም። በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቻ የሚደረግ ፍተሻ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ያልፋል። የአፕል አርም ላፕቶፕም ችግሩን አያጋልጥም፤ በማክ ኦኤስ ላይ «ቻር» አሉታዊ ቁጥር ይይዛልና።

ሁለተኛው ከጎደለ መረጃ ጋር የተያያዘ ነው። በሠንጠረዥ ውስጥ ያልተመዘገበ ልኬት ብዙ ጊዜ «ቁጥር ያልሆነ» በሚለው ልዩ የነጥብ ቁጥር ይወከላል። ይህን ዋጋ ወደ ሙሉ ቁጥር መለወጥ በሲ ቋንቋ ደንብ ያልተወሰነ ተግባር በመሆኑ ውጤቱን የሚወስነው በተግባር ፕሮሰሰሩ ነው። ወደ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲለወጥ ኤክስ86-64 −9223372036854775808 ሲሰጥ አርም 0 ይሰጣል። የመጀመሪያው ውጤት በግራፍ ላይ ወዲያው ዓይን ይስባል። ሁለተኛው ግን በዝናብ መጠን ሠንጠረዥ ውስጥ «በዚያ ቀን አልዘነበም» ተብሎ ይነበባል። መረጃው ሳይኖር መረጃ ሆኖ አማካዩን ዝቅ ያደርጋል።

ሦስተኛው ልዩነት ስህተት አይደለም። የአርም 64 ቢት ፕሮሰሰር ማባዛትንና መደመርን በአንድ ትእዛዝ ፈጽሞ ውጤቱን አንድ ጊዜ ብቻ ያጠጋጋል፤ ጂሲሲ የተባለው ኮምፓይለርም በነባሪ ሁኔታ ይህን ትእዛዝ ይጠቀማል። መሠረታዊው ኤክስ86-64 ትእዛዙ ስለሌለው ሁለት ጊዜ ያጠጋጋል። በዚህ ምክንያት የመጨረሻዎቹ አሃዞች ሊለያዩ ይችላሉ፤ ተደጋጋሚ ስሌት በሚያካሂድ ሞዴል ውስጥም ልዩነቱ ሊያድግ ይችላል። ተገቢው እርምጃ የሚፈቀደውን የልዩነት ወሰን አስቀድሞ ወስኖ መግለጽ ነው።

ኮንቴይነር ይህን ሁሉ ይፈታል የሚሉ አሉ። ኮንቴይነር ግን ኮምፓይል የተደረገውን ፋይል ይሸከማል እንጂ አርክቴክቸሩን አይለውጥም። ኪሙን በመሰለ አስመሳይ ፕሮግራም ማሠራት ይቻላል፤ ነገር ግን እጅግ ያዘግማል። በተጨማሪም በአርም ላይ የተለያዩ የሥራ ክሮች ወደ ማኅደረ ትውስታ የሚጽፉበት ቅደም ተከተል ላላ ያለ በመሆኑ የሚፈጠሩ ስህተቶች በአስመሳዩ ላይ ላይታዩ ይችላሉ። በኤክስ86-64 ማሽን ላይ ሆኖ ለአርም ኮምፓይል ማድረግም ፈጣን ነው፤ ሆኖም የሞጁሉ ማዘጋጃ ፕሮግራም የሚሠራበትን ማሽን ቅንብር የዒላማው አስመስሎ ሊወስድ ይችላል፤ የተገኘው ሞጁልም እዚያው ሊፈተሽ አይችልም።

ጊዜ የሚጠብበት ተማሪ ይህን ሁሉ እንዴት ይወጣዋል የሚለው ተቃውሞ ሚዛን የሚደፋ ነው። የሚጠየቀው ግን ብዙ አይደለም። ሞጁሉ የመጨረሻው ስሌት በሚካሄድበት ሰርቨር ላይ ኮምፓይል ይደረግ፤ ከሞጁሉ ጋር የሚመጡት ፍተሻዎችም እዚያው ይሂዱ። መልሱ አስቀድሞ የታወቀ፣ የጎደለ መረጃን፣ አሉታዊ ቁጥርንና የአማርኛ ጽሑፍን ያካተተ አነስተኛ የመፈተሻ ስብስብ በሁለቱም ማሽኖች ላይ ይሞከር። በጥናቱ የዘዴ ክፍል ውስጥም የፕሮሰሰሩ አርክቴክቸር፣ የኮምፓይለሩ ስሪትና የተሰጡት አማራጮች ይጻፉ። አማካሪዎችና ፈታኞች የናሙና አመራረጥን እንደሚጠይቁ ሁሉ እነዚህን ሦስት መስመሮች ሊጠይቁ ይገባል። አለበለዚያ ሌላ ተመራማሪ ያንኑ ፕሮግራም በያንኑ መረጃ አሠርቶ የተለየ ውጤት ሲያገኝ ልዩነቱ ከመረጃው፣ ከሞዴሉ ወይስ ከማሽኑ እንደ መጣ የሚለይበት መንገድ አይኖረውም።