የአቃቂን አትክልት በአንድ ቁጥር አትፍረዱበት

ላብራቶሪ ተቀጥሬ በምሠራባቸው ዓመታት ከትንሹ አቃቂ ወንዝ ናሙና የምንቀዳው ከድልድይ ሥር ነበር። ምክንያቱ መኪናው እዚያ ድረስ ስለሚገባ ነው። ጠርሙሱን በወንዙ ውኃ ሦስት ጊዜ አለቀልቀዋለሁ፣ እሞላዋለሁ፣ ጥቂት ናይትሪክ አሲድ ጠብ አድርጌ እከድነዋለሁ፤ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ድልድይ። የአምስት ድልድይ ውጤት ተደምሮ ለአምስት ይካፈላል፣ ሪፖርቱ ላይም አንድ ቁጥር ይወጣል።

አንድ ቀን ጠዋት ቆስጣ የሚያለሙ አዛውንት ከማሳቸው ቀና ብለው አዩኝና፣ «ልጄ፣ እዚህ ምን ትቀዳለህ? ውኃው የሚለወጠው ከዚያ ቱቦ በታች ነው፤ እሱም ሌሊት ነው» አሉኝ። ያሳዩኝ ቦታ ከድልድዩ ሁለት መቶ ሜትር ቢሆን ነው። ሄጄ አየሁት። ከቱቦው በላይ ድንጋዩ አረንጓዴ ሽበት አብቅሏል፤ ከቱቦው በታች ደግሞ ሲነኩት የሚያሟልጭ ቡናማ ነገር ለብሷል። ለአለቃዬ ነገርኩት። «ዕቅዱ ላይ የለም» አለኝ።

ያ ቃል እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ በዚያ መንገድ ከተገኘ ቁጥር የሚወለደው ወሬ የሚጎዳው ማንን እንደሆነ ስላየሁ። «የአቃቂ አትክልት ተመርዟል» ሲባል በማግስቱ ጉልት ላይ የሁሉም ጎመን ይጠወልጋል። ንጹሕ ውኃ የሚያጠጣውም፣ ከቱቦው ሥር የሚያጠጣውም እኩል ይከስራሉ። የቱቦው ባለቤት ግን አማካዩ ውስጥ ተደብቆ ያድራል።

ብክለት እኩል አይሰራጭም። ቆዳ ፋብሪካዎች ለማልፊያ የሚጠቀሙበት ክሮሚየም ከወንዙ ደለልና ከአፈር ጋር ቶሎ ስለሚጣበቅ አብዛኛው ከምንጩ ብዙም ሳይርቅ ይከማቻል። ካድሚየም በተቃራኒው ወደ ተክል ለመግባት ይቀለዋል፤ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉ ቅጠላ ቅጠሎች ደግሞ ከሌላው አትክልት ይበልጥ ይስቡታል። እናቴ እንጀራ ስትጋግር ዓይኑን አይታ እሳቱን ታውቅ ነበር። ዓይን ያላወጣው በየት በኩል እንደሆነ ታያለች፣ እንጨቱን ወደዚያ ትገፋለች። የምጣዱ አማካይ ሙቀት ቢነገራት ምን ያደርግላታል?

ቦታን የሚቆጥረው ስታቲስቲክስ የሚሠራው እንደዚሁ ነው። ናሙናዎችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ያነጻጽራል፤ በ50 ሜትር የሚራራቁት ምን ያህል ይለያያሉ? በ200 ሜትር የሚራራቁትስ? ልዩነቱ ከርቀቱ ጋር እያደገ ሄዶ አንድ ቦታ ላይ ይቆማል። ከዚያ ወዲያ የአንዱ ማሳ ውጤት ስለ ሌላው ምንም አይናገርም። ይህን ዝምድና በደንብ ለማወቅ ወደ 100 የሚጠጋ ነጥብ ያስፈልጋል። አምስት ድልድይ አይበቃም።

መንገዱን የጀመረው ደቡብ አፍሪካዊው የማዕድን መሐንዲስ ዳኒ ክሪግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የዊትዋተርስራንድን ወርቅ ከጥቂት ናሙናዎች ተነስቶ የሚገምትበትን ዘዴ አቀረበ፤ በኋላ ፈረንሳዊው ዦርዥ ማቴሮን ሒሳቡን አደላድሎ ስሌቱን በክሪግ ስም ጠራው። የስሌቱ ትልቅ ዋጋ ላልተለካ ቦታ ግምት መስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ግምቱ ምን ያህል ሊሳሳት እንደሚችልም አብሮ ያወጣል። ስለዚህ ሁለት ካርታ ይገኛል፤ አንዱ ብክለቱን፣ ሌላው የዕውቀታችንን ክፍተት ያሳያል። ቀጣዩ ጠርሙስ መሞላት ያለበት ክፍተቱ ከሰፋበት ነው፤ መኪና ባይገባም።

ወንዝ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትንሹና ትልቁ አቃቂ የሚገናኙት አባ ሳሙኤል ሐይቅ ላይ ነው፤ ከዚያ በላይ በወፍ በረር የሚቀራረቡ ሁለት ነጥቦች በውኃ ግን አይተዋወቁም። ርቀቱ የሚለካው ፍሰቱን ተከትሎ ነው። ሰዓቱም መመዝገብ አለበት፤ አዛውንቱ «ሌሊት» ያሉት ነገር ጠዋት በተቀዳ ጠርሙስ ውስጥ አይገኝም።

ገንዘብ የለም እንደሚባል አውቃለሁ፤ የከባድ ብረት ምርመራ በእርግጥ ውድ ነው። ግን ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚነሰነሰው ጨው እጣቢውን ውኃ ተከትሎ ይወርዳል። ጨው ከፍ የሚያደርገውን የውኃ ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅም የምትለካ በእጅ የምትያዝ መሣሪያ ከቱቦው በታች ቁጥሯ ዘሎ ሲወጣ ወዲያው ታሳያለች። በእሷ መቶ ቦታ ለክቶ፣ ውዱን ምርመራ አጠራጣሪ በሆኑት ሃያ ቦታዎች ላይ ማድረግና ሁለቱን በስሌቱ ማጣመር ይቻላል። ሰው፣ መሣሪያና ቦቲ ጫማ ይበቃል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ተቆጣጣሪው በካይ ነው የሚለውን ድርጅት ለመጠየቅ «የአቃቂ አማካይ» ሳይሆን ከቱቦው በላይና በታች የተለካ ማስረጃ ያስፈልገዋል።

አዛውንቱ ሁለት ማሳ ነበራቸው፤ አንዱ ከቱቦው በላይ፣ አንዱ ከታች። የታችኛውን ጥለው የላይኛውን ብቻ ያለሙ ነበር። ቆስጣቸውን ይዘው ገበያ ሲወጡ «የአቃቂ ነው?» ለሚላቸው ሁሉ «አዎ» ይላሉ፤ ከየትኛው አቃቂ እንደሆነ የሚያሳዩበት ወረቀት የሰጣቸው የለም።