አየር ሳያልቅ መመለስ



ሰሞኑን ስለ ጋዝ ግፊት ስናስተምር አንድ ተማሪያችን እጁን አወጣና፣ «ባሕር ውስጥ የጠለቀ ሰው አየሩ ቢያልቅበት ትንፋሹን ይዞ ወደ ላይ ቢወነጨፍ ምን ችግር አለው?» ሲል ጠየቀን። ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ የሕይወትና የሞት ጥያቄ ነው። መልሱን በአንዲት መርከብ ታሪክ እንመልከተው።

ጉድሩን ጊስላዶቲር የተባለች የአይስላንድ ዓሣ አጥማጅ መርከብ እ.ኤ.አ. በሰኔ 2002 በሰሜን ኖርዌይ፣ በሎፎተን ደሴቶች አካባቢ ከባሕር ሥር ካለ ዐለት ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። ሠራተኞቿ ሁሉ ተረፉ፤ የጫነችው ሄሪንግ የተባለ ዓሣ ግን አብሯት ወረደ። መርከቧን ለማውጣት የተደረገው ጥረትም አልተሳካም። ከዚያ ወዲህ 40 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተጋድማ ጠላቂዎች ይጎበኟታል።

በዚያ ጥልቀት ያለው ግፊት ከባሕር ወለል በላይ ካለው አምስት እጥፍ ነው። ስለዚህ ላይ 60 ደቂቃ የሚበቃ የሲሊንደር አየር እዚያ ለ12 ደቂቃ ያህል ብቻ ይበቃል። ውኃ የሰውነትን ሙቀት ከአየር 25 ጊዜ ያህል ፈጥኖ ስለሚወስድ ጠላቂው ውኃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳል። ቅዝቃዜው መተንፈሻ መሣሪያውን በበረዶ ሊያስይዘው፣ አየሩም ያለማቋረጥ ሊፈስ ይችላል። ናይትሮጅኑ ደግሞ እንደ ስካር አእምሮን ያደነዝዛል፤ ሰውየው ይሳሳታል፣ መሳሳቱን ግን ላያውቅ ይችላል።

አሁን ወደ ተማሪያችን እንመለስ። በ40 ሜትር ላይ ሳንባ ውስጥ የተያዘ አየር ወደ ላይ ሲወጣ እስከ አምስት እጥፍ ይሰፋል። ሳንባ ይህን አይችልም፤ ይቀደዳል። ስለዚህ የጠላቂ የመጀመሪያ ሕጉ ትንፋሽን አለመያዝ ነው። ሁለተኛው ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ በደቂቃ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ 5 ሜትር ላይም ቆም ይላል። አለበለዚያ በደሙ ውስጥ የገባው ናይትሮጅን ክዳኑ በድንገት እንደተከፈተ ለስላሳ አረፋ ያወጣል።

መርከብ ውስጥ ለሚገባ ሦስተኛ ሕግ አለ። አየሩን ለሦስት ይከፍላል፤ ሲሶው ለመግቢያ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለእሱ ወይም ለጓደኛው ክፉ አጋጣሚ። የመጀመሪያው ሲሶ ካለቀ፣ ሊያየው የጓጓለት ክፍል አንድ እርምጃ ቢቀረውም ይመለሳል።

ወጣቶች ሆይ፣ ልብ በሉ! የመመለሻው ልክ የሚወሰነው ከመግባት በፊት፣ ልቡና ሳይደነዝዝ ነው። እዚያ ታች ሆኖ «ትንሽ ልጨምር» የሚል ሐሳብ የሚመጣው ማመዛዘን በደከመበት ሰዓት ነውና።

ወላጆችም አንድ ነገር ያዙ። ይህን ያህል የሠለጠነ ሰው ብቻውን አይጠልቅም። እንግዲያው ልጃችሁ ወንዝ ወይም ሐይቅ ሲወርድ «ከማን ጋር ነህ?» ብላችሁ ጠይቁት።